ድምፅ ወጣ ማለት ሽቦው ልክ ነው ማለት አይደለም፦ ስለ ስፒከር ፌዝ ለቀረበው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ለየብቻ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ፣ የቤት ስቴሪዮ ስፒከር ሽቦ እንዴት እንደሚያያዝና ድምፁ ሲበላሽ ችግሩ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ ነው፣ ሦስቱም «ይሄ ነገር እውነት ነው?» ነው ያሉኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ብሎ እንደጻፈው ያስታውቃል፣ አጻጻፉም አይከብድም፣ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት አምፑን (ድምፅ ማጉያውን) አጥፉ ብሎ መጀመሩ ደግሞ በጣም ትክክል ነው። ግን ውስጡ ካሉት ምክሮች ብዙዎቹ ሰውን ያለ ቦታው ወጪ የሚያስወጡ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ዕቃ ያቃጥላሉ፣ እሱን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ እሱ ያለውን እያስቀመጥኩ እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ እዚህ ፌዝ ስል የመብራቱን ፌዝና ኒውትራል አይደለም፣ የሁለቱ ስፒከሮች ድምፅ እኩል አብሮ መሄድ አለመሄዱን ነው።

«ከሁለቱም ስፒከር ጥርት ያለ ድምፅ ከወጣ ሽቦው ትክክል ነው፣ ሌላ መፈተሽ አያስፈልግም።»

የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌሎቹም አብዛኞቹ ከዚህ ነው የሚመዘዙት። ስፒከር እኮ አየር የሚገፋና የሚስብ ነገር ነው። ከበሮ ሲመታ የሁለቱም ስፒከር ወረቀት፣ ያ ፊቱ ላይ የሚንቀሳቀሰው፣ እኩል ወደ ውጪ መውጣት፣ እኩል ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። የአንደኛው ፕላስና ማይነስ ከተገለበጠ ግን ግራው ሲገፋ ቀኙ ይስባል፣ ግራው ሲስብ ቀኙ ይገፋል፣ እና ቤዙ እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት እርስ በርሱ ይጣፋል። አሁን ቀኙን ዝጉና ግራውን ብቻ ስሙት፣ ምንም የለበትም። ግራውን ዝጉና ቀኙን ስሙት፣ እሱም ምንም የለበትም። ለየብቻቸው ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፣ ጠቡ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ አንዱን ስፒከር ለብቻው መቶ ጊዜ ብትፈትሹት ይሄን ችግር አታገኙትም፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ማወዳደር ብቻ ነው የሚያሳየው።

ለምን ቤዙ በጣም ይጎዳል የሚለውን ጽሑፉ ጭራሽ አያነሳውም፣ እሱ ካልገባ ደግሞ ምልክቱን መለየት ያስቸግራል። 50 ኸርዝ ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ በሚወዛወዝ የቤዝ ድምፅ ላይ፣ አንድ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። ስፒከሮቹ የሚራራቁት ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ምናምን ነው፣ ስለዚህ ለቤዙ ሁለቱ ስፒከሮች እጎን ለጎን እንደተቀመጡ ነው የሚቆጠረው፣ አንዱ ገፍቶ ሌላው ከሳበ በቃ ይጠፋል። 1000 ኸርዝ ላይ ግን ሞገዱ 34 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ የተጣፋው ትንሽ ፈቀቅ ስትሉ ይደመራል፣ ስለዚህ ቀጭኑ ድምፅ አይጠፋም ግን ይበታተናል። ምልክቱም ይሄው ነው፦ ቤዙ ሳስቷል፣ ዘፋኙ ደግሞ በሁለቱ ስፒከሮች መሀል መቆም ሲገባው የት እንዳለ አይታወቅም፣ አንዳንዴ ከኋላችሁ ወይ ከጆሯችሁ አጠገብ የሚመጣ ይመስላል፣ ጭንቅላታችሁን ትንሽ ስታዞሩ ቦታውን ይቀይራል። ብዙ ሰው ይሄንን «ሰፊ ድምፅ» ብሎ ይወደዋል፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኙን መሀል ላይ ለማቆም የደከመው ሰው ድካም ነው ተበትኖ የሚቀረው።

አፈታተሹ ቀላል ነው። አንድ ሰው የሚዘፍንበት ወይ የሚያወራበት ነገር በሞኖ፣ ማለትም ግራውም ቀኙም ያንኑ ድምፅ እንዲያወጡ አድርጋችሁ፣ ክፈቱና ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ተቀመጡ። ድምፁ ከመሀል፣ ማንም ከሌለበት ቦታ፣ እንደ አንድ ነጥብ ሆኖ ከመጣ ልክ ነው። ካልተማመናችሁ ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አፋጥጣችሁ ጥቂት ሴንቲ ሜትር እስኪቀራቸው አቅርቧቸው፣ ቤዝ ያለው ሙዚቃ ክፈቱ፣ ከዛ አምፑን አጥፍታችሁ የአንዱን ስፒከር ብቻ ሽቦ፣ በአንድ ጫፉ ብቻ፣ ገልብጡና ድጋሚ ስሙ። ቤዙ የበዛበት ነው ትክክለኛው። እንዲህ ተጠግተው ሲሆኑ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ስለሆነ የሰለጠነ ጆሮ አይፈልግም፣ ሕፃን ልጅም ይለየዋል። ሁለቱንም ገልብጣችሁ ከሆነ ግን እንደገና እኩል ሆኑ ማለት ነው፣ ምንም አልተለወጠም።

አጎቴ ቤት ያጋጠመኝ ይሄው ነው። ስፒከሮቹ አርጅተዋል ብሎ ተስፋ ቆርጦ፣ የአምፑን ቤዝ መጨመሪያ እስከ መጨረሻው አዙሮት ነበር የሚሰማው፣ ወደ ሁለት ዓመት እንደዛ ኖሯል። ከጀርባ የነበሩት መግቢያዎች ላይ ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ነው፣ ስታየው ንጹሕ ሥራ ነው። ሽቦውን እየተከተልኩ ስሄድ ቁምሳጥኑ ጀርባ ላይ ተቀጥሎ አገኘሁት፣ የቀጠለው ሰው እዛ ላይ ፕላሱንና ማይነሱን አገላብጦ ነው ያያያዘው፣ በፕላስተር ስለተጠቀለለ አይታይም። አንዱን ጫፍ ገለበጥኩና ያንኑ ዘፈን ከፈትኩለት፣ አጎቴ ምንም ሳይናገር ተነስቶ የቤዙን መጨመሪያ በገዛ እጁ ወደ መሀል መለሰው።

ከዚሁ ጋር ጸሐፊው «መስመር ያለበት ሽቦ ሁልጊዜ ፕላስ ነው» ይላል። ሁልጊዜ የሚባል ነገር የለም። አንዳንዱ ሽቦ ላይ ቀለም ያለው መስመር አለ፣ አንዳንዱ አንደኛው ጎን ላይ በጣት የሚዳሰስ ጠርዝ አለው፣ አንዳንዱ ላይ ጽሑፍ ነው ያለው፣ ላስቲኩ ውስጡን የሚያሳየው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ የመዳብ ሌላው የብር መልክ ይኖረዋል። የትኛውን ፕላስ እንደምታደርጉት የናንተ ምርጫ ነው፣ ዋናው በአምፑ በኩልም በስፒከሩ በኩልም፣ በግራም በቀኝም ያንኑ መያዝ ነው።

«ተገልብጦ የገባ ስፒከር ውሎ አድሮ ይቃጠላል።»

አይቃጠልም። ከአምፑ የሚወጣው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሲግናል ነው፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም፣ ለስፒከሩ ለራሱ የትኛው ጫፍ ፕላስ መሆኑ ምንም አይጎዳውም። የሚያቃጥለው ሾርት ነው፣ ማለትም ሽቦው ሲላጥ አንድ ክር አምልጦ ጎኑ ያለውን መግቢያ ሲነካ፣ እሱ ደግሞ የሚጎዳው አምፑን ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ላጡ፣ ክሮቹን አጥብቃችሁ ግመዱ፣ ካስገባችሁ በኋላ ወጣ ያለ ክር ካለ በደንብ እዩ። አምፑ ድምፁ ከፍ ሲል ራሱን የሚያጠፋ ከሆነም መጀመሪያ የምታዩት እዚህ ጋ ነው።

«ቤዝ ከጎደለ አምፑ ደካማ ነው፣ ካልሆነም ሰብዉፈር መጨመር ነው።»

እንዲህ ተብሎ ስንት ሰው ገንዘቡን አውጥቷል። ሽቦው ተገልብጦ እያለ ሰብዉፈር፣ ማለትም ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ብትጨምሩ ቤዙ ይመጣል፣ ዘፋኙ ግን እንደተበተነ ይቀራል፣ እንደውም ችግሩ ተሸፍኖ ማንም የማይፈልገው ይሆናል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ መገልበጥና መስማት ነው፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በርግጥ የቤዝ ጉድለት ሁሉ ከሽቦ ነው አልልም፣ ያንንም ብል ሌላ ስህተት ነው። ክፍሉ ራሱ ቤዝ ይበላል። ስፒከሩ ከጀርባው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ርቆ ከሆነ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳ መትቶ የሚመለሰው ድምፅ 86 ኸርዝ አካባቢ ፊት ለፊት ከሚወጣው ጋር ይጣፋል፣ ምክንያቱም 1 ሜትር የዛ ሞገድ ሩብ ነው፣ ደርሶ ሲመለስ ግማሽ ሞገድ ዘግይቷል ማለት ነው። መቀመጫችሁ የክፍሉ ልክ መሀል ላይ ከሆነም አንዳንድ የቤዝ ድምፆች እዛ ቦታ ላይ የሉም። ሁለቱን እንዴት ትለያላችሁ? አንዱን ስፒከር ስትገለብጡት ቤዙ ከጨመረ ችግሩ ሽቦው ነበር፣ ከቀነሰ ሽቦው ልክ ነበርና መልሱት፣ ከዛ ስፒከሩን ወይ ወንበሩን ማንቀሳቀስ ጀምሩ።

«አሁንም ካልተስተካከለ ሳጥኑን ፈታችሁ ዉፈሩም ትዊተሩም ቀይ ከቀይ መያያዙን አረጋግጡ፣ የተገለበጠ ካለ አስተካክሉ።»

እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ይሄ ምክር ደህና ስፒከር የሚያበላሽ ነው፣ እና ሰው ካበላሸው በኋላ ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም።

ሳጥኑ ውስጥ ክሮስኦቨር የሚባል አለ፣ ቤዙን ለዉፈሩ ቀጭኑን ለትዊተሩ የሚያከፋፍል፣ ከጥቅልልና ከካፓሲተር የተሠራ። እነዚህ ነገሮች ድምፁን ሲያከፋፍሉ ጊዜውንም ያዛንፉታል። በጣም የተለመደው፣ በኦክታቭ (ኸርዙ እጥፍ ወይ ግማሽ በሆነ ቁጥር) ድምፁን 12 ዲሲቤል የሚቀንሰው ክሮስኦቨር፣ ዉፈሩና ትዊተሩ በሚገናኙበት ቦታ ላይ በሁለቱ መሀል 180 ዲግሪ ልዩነት ይፈጥራል፣ ማለትም ቀይ ከቀይ ብታያይዟቸው አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ስለዚህ ስፒከሩን የነደፈው ሰው ሆን ብሎ ትዊተሩን ይገለብጠዋል፣ ሲገለበጥ ነው አብረው የሚሄዱት። በ24 ዲሲቤል የሚቀንሰው ዓይነት ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይገለበጥም። ሦስት ድምፅ ማውጫ ያላቸው ላይ የመሀሉ ብቻ ተገልብጦ ታገኛላችሁ። ከውጪ በቀለም አይታወቅም፣ ሠሪው አስልቶና ለክቶ የወሰነው ነው።

«አስተካከላችሁት» እንበል፣ ምን ይሆናል? ዉፈርና ትዊተሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ ብዙ የቤት ስፒከሮች ላይ 2000 ወይ 3000 ኸርዝ አካባቢ፣ ጉድጓድ ይፈጠራል። ጆሯችን ደግሞ በጣም ንቁ የሆነው እዛው አካባቢ ነው፣ የንግግር ጥራት ብዙው እዛ ነው ያለው። ቃላቱ ይደነዝዛሉ፣ ቫዮሊኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሰውየው ግን «ሁሉም ቀይ ከቀይ ነው» ብሎ ሳጥኑን ዘግቶታል። አንዳንድ ሪሲቨሮች (ሬዲዮና ሌሎች መግቢያዎች ያሏቸው አምፖች) በማይክ ሲለኩ ፌዙ ተገልብጧል የሚል ማስጠንቀቂያ የሚያወጡትም አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው፣ ውስጡ ሆን ተብሎ የተገለበጠ አለ፣ የውጪው ሽቦ ግን ምንም አልሆነም። የውጪውን አይታችሁ ልክ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን እለፉት።

ሳጥን መክፈት የሚያስፈልግበት ጊዜ አንድ ነው፦ አንደኛው ስፒከር ተጠግኖ፣ ወረቀቱ ወይ ትዊተሩ ተቀይሮ ከሆነ። ያኔም የምታወዳድሩት ከቀለም ጋር ሳይሆን ካልተነካው መንትያው ጋር ነው። ጤነኛው ላይ ትዊተሩ ከተገለበጠ የተጠገነውም ላይ መገልበጥ አለበት። ሳትነቅሉ በፊት ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

«በ9 ቮልት ባትሪ ፈትሹ፣ ወረቀቱ ወደ ውጪ ከወጣ ልክ ነው።»

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ባትሪው ነው የበዛው። 1.5 ቮልት፣ ያው የግድግዳ ሰዓት ባትሪ፣ ይበቃል። ደግሞ ጸሐፊው መጀመሪያ ሽቦውን ከአምፑ ንቀሉ የሚለውን ረስቶታል፣ ባትሪ ከአምፕ ጋር የተያያዘ ሽቦ ላይ አይነካም። ንኩት ማለትም ጠቅ አድርጎ ማንሳት ነው፣ ይዞ መቆየት አይደለም። ትዊተር ላይ አትሞክሩት፣ በክሮስኦቨሩ በኩል ከሆነ ካፓሲተሩ ስለሚያግደው አይንቀሳቀስም፣ በቀጥታ ከነካችሁት ደግሞ ቀጭኑን ሽቦውን ልትጎዱት ትችላላችሁ።

እኔ የምመክረው ባትሪውን ስፒከሩ ጀርባ ላይ ሳይሆን በአምፑ በኩል ባለው የሽቦ ጫፍ ላይ መንካት ነው፣ ሌላ ሰው ዉፈሩን እያየ። እንዲህ ሲሆን ስፒከሩን ብቻ ሳይሆን ሽቦውንም፣ ቁምሳጥን ጀርባ ያለውን ቅጥያም አብራችሁ ፈተሻችሁ። ወደ ውጪ ወጣ ወደ ውስጥ ገባ የሚለው ራሱ የመጨረሻ ዳኛ አይደለም፣ ለምሳሌ የድሮ ጄቢኤል ዉፈሮች በተቃራኒው ነበር የሚሠሩት፣ ቀዩ ላይ ፕላስ ሲነካ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የሚፈለገው የግራውና የቀኙ አንድ ዓይነት መሆን ነው።

ስለ መልቲሜትር የጻፈው ላይም ትንሽ እርማት ያስፈልጋል፣ «8 ኦም የተባለ ስፒከር 6 ካነበበ እየሞተ ነው» ብሏል። እየሞተ አይደለም። 8 ኦም የሚባለው ሙዚቃ ሲያልፍበት ያለውን ነው፣ መልቲሜትር የሚለካው የጥቅልሉን ሽቦ ብቻ ስለሆነ 6 አካባቢ ማንበቡ ጤንነት ነው፣ 4 ኦሙም 3 ምናምን ያነባል። ዜሮ ጋ ከተጠጋ ሾርት አለ፣ ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተበጥሷል።

«ሽቦ ለመቆጠብ የሁለቱንም ስፒከር ጥቁር ሽቦ አንድ ላይ አድርጋችሁ በአንድ መስመር ወደ አምፑ መመለስ ትችላላችሁ፣ ጥቁር ሁሉ ግራውንድ ነው።»

ይሄ ነው በጣም ያስደነገጠኝ። ጥቁር ሁሉ ግራውንድ አይደለም። አሁን ሰው እየገዛ ያለው ትንንሽ ክላስ ዲ አምፕ፣ ለምሳሌ ቲፒኤ3116 በሚባለው ቺፕ የሚሠሩት፣ በስቴሪዮ ሲሠሩ ማይነሱም ራሱ ሲግናል ያወጣል፣ ፕላሱ ወደ ላይ ሲሄድ ማይነሱ ወደ ታች ይሄዳል፣ በዛ ነው በትንሽ ቮልቴጅ ብዙ ኃይል የሚሰጡት። የግራውን ማይነስና የቀኙን ማይነስ አንድ ላይ ስታስሩ ሁለት ማውጫዎችን ነው ያጋጫችሁት። መከላከያው ቀድሞ ካጠፋው ዕድለኛ ናችሁ፣ ካልሆነ ቺፑ ይሄዳል። ጥቁሩን ከአምፑ ብረት አካል ጋር ማሰርም ያው ነው።

የሁለቱ ማይነስ በእውነት አንድ ግራውንድ የሆነበት አምፕ ላይ እንኳ ሌላ ጣጣ አለው። ያ አንድ የጋራ ሽቦ ቢላላ ወይ ቢበጠስ ድምፁ የሚጠፋ ይመስላችኋል፣ ግን አይጠፋም። ሁለቱ ስፒከሮች በግራው ፕላስና በቀኙ ፕላስ መሀል በተከታታይ እንደተያያዙ ይሆኑና የሚሰማው በግራና በቀኝ መሀል ያለው ልዩነት ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ጋ እኩል የተቀዳው፣ ማለትም ዘፋኙ፣ ቤዝ ጊታሩና ዋናው ከበሮ፣ ይጠፋል፣ የሚቀረው የድምፁ ማስተጋባት (ኢኮው) እና ዳር ዳር ያሉት መሣሪያዎች ናቸው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ፌዝ ተገለበጠ ብሎ ስፒከሩን ሲገለብጥ ይውላል። ልዩነቱን ያዙት፦ ስፒከር ተገልብጦ ከሆነ ዘፋኙ ይበተናል እንጂ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጭራሽ ከሌለ ግራውንድ ነው የተቋረጠው። እርግጠኛ ለመሆን የሞኖ ቅጂ ክፈቱ፣ ጸጥ ካለ ነገሩ አለቀ። ከስልክ ወደ አምፕ የሚሄደው የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እስከ መጨረሻው ካልገባም ያንኑ ያመጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ገፋ አድርጉት። ለማንኛውም ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ሁለት ሽቦ ይሁን፣ የሚቆጠበው ሽቦ ለዚህ ሁሉ አይበቃም።

«የግራና የቀኝ ሽቦ ርዝመት እኩል ካልሆነ ፌዙ ይዛባል።»

አይዛባም። በሽቦ ውስጥ ሲግናሉ ከብርሃን ፍጥነት ብዙም አያንስም፣ 3 ሜትር ልዩነት ቢኖር የሚዘገየው በናኖሰከንድ የሚቆጠር፣ ወደ 15 አካባቢ ነው። በዛ ጊዜ ውስጥ ድምፅ አየር ላይ የሚጓዘው 0.005 ሚሊ ሜትር ነው። ጸሐፊው ፖላሪቲንና ፌዝን አንድ ስላደረጋቸው ነው እዚህ የደረሰው። ፖላሪቲ መገልበጥና አለመገልበጥ ነው፣ ሁሉም ድምፅ ላይ እኩል ይሠራል። ፌዝ ግን መዘግየትም ያመጣዋል፣ የሚዘገየው ደግሞ ሽቦው ላይ ሳይሆን አየሩ ላይ ነው። አንዱ ስፒከር ከሌላው 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርቃችሁ ግማሽ ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ 1000 ኸርዝ ላይ ያ ልክ ግማሽ ሞገድ ነው። ስለዚህ ሜትሩን አምጥታችሁ ሽቦውን ሳይሆን ከወንበራችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለውን ለኩ።

የቀረችው የሰብዉፈሯ ጉዳይ ናት። «ፌዝ የሚለው ማብሪያ ሁልጊዜ 0 ላይ ይሁን» ብሏል፣ ማብሪያው የተቀመጠው ግን ሰብዉፈሩ ሌሎቹ ካሉበት ቦታ ስለሚርቅ ነው። 80 ኸርዝ ላይ ግማሽ ሞገድ ወደ 2.1 ሜትር ነው፣ ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ከሆነና ያን ያህል ከራቀ 0 ላይ ሆኖ ከዋናዎቹ ስፒከሮች ጋር ሊጣፋ ይችላል። ዋናዎቹን ስፒከሮች መጀመሪያ አስተካክሉ፣ ከዛ የ80 ኸርዝ ድምፅ ወይ ክሮስኦቨሩን ያደረጋችሁበትን ክፈቱና ቦታችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው ማብሪያውን ከ0 ወደ 180 እያመላለሰ ይቀይርላችሁ፣ ድምፁ የጎላበት ላይ ተዉት።